የተቆረጠው ሪባን

ኔቬና ለሪባን ጂምናስቲክ ውድድሩ ፍጻሜ አላለፈችም። የጣላት ራሷ በመቀስ የቆረጠችው ሪባን ነው፤ አሰልጣኟ ግን ይህን አያውቁም።

ትርኢቷ እንከን አልነበረበትም። ሪባኑ የታሰረበትን ዘንግ ወደ ላይ ወርውራ፣ ምንጣፉ ላይ ተገልብጣ፣ ሳታየው ከጀርባዋ ተቀበለችው። ሪባኑ አንድም ጊዜ አልተቋጠረም። የሶፊያ ከተማ ተመልካች ጮኸላት። ነጥቡ ሲወጣ ከጣሊያኗ ልጅ በታች፣ ከኡዝቤኪስታኗ በላይ ሰባተኛ ሆነች። ከዚያ ሜትር የያዘች ሴት መጣች። ከትርኢት በኋላ ዕቃቸው የሚለካባቸው ልጆች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ዕጣው እሷ ላይ ወደቀ። ሪባኑ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ለአዋቂዎች ምድብ ከሚጠየቀው ስድስት ሜትር ከአንድ ክንድ በላይ ጎደለ። ነጥብ ተቀነሰባትና ዘጠነኛ ሆነች። ወደ ፍጻሜ የሚያልፉት ስምንት ናቸው።

አሁን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ አሰልጣኟ እትዬ ጾንካ ሲጮሁ ትሰማለች። የሚጮሁት ግን በእሷ ላይ አይደለም።

«ካውያውን አግለሽ ጫፉን አቃጠልሽው! ከዚያ የተቃጠለውን ቆርጠሽ ጣልሽው! እስቲ አይደለም በይኝ!»

ራያ መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። ኔቬናም ያለችበት የሩሴ ከተማ ክለብ ተጠባባቂ ናት፤ በእነሱ ክለብ ደግሞ የሁሉንም ሪባን የምትተኩሰውና ጠቅልላ የምትይዘው ተጠባባቂዋ ነች። የገና ሰሞን አንዱን አቃጥላ ቦርሳ ሥር ደብቃው ነበር።

«የገናውን የረሳሁት መሰለሽ?»

«አልረሱትም፣ እትዬ ጾንካ።»

«ምላስሽ ግን አልተቃጠለም! ዛሬውኑ በአውቶቡስ ወደ ሩሴ ትመለሻለሽ። ለአንቺ የባኩ ውድድር ብሎ ነገር የለም።» ወደ ኔቬና ሲዞሩ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አንቺ ፊትሽን ታጠቢ። ጥሩ ሠርተሻል። የባኩውን ሪባን እኔው ራሴ እተኩስልሻለሁ። አሁን ላይ ወጥቼ ከፌዴሬሽኑ ሰዎች ጋር ባኩ የሚሄዱትን ስም ዝርዝር ልጨርስ።»

ወጡ። ኔቬና ፊቷን ለመታጠብ አልተነሳችም።

አምና ታዳጊ ሳለች ሪባኑ አምስት ሜትር ነበር። ዘንድሮ አሥራ ስድስት ስለሚሞላት ወደ አዋቂዎቹ ምድብ ገባች፤ አንድ ሜትርም ተጨመረባት። ያች አንድ ሜትር መሬት ላይ እየተንፏቀቀች ትቋጠራለች። በተቋጠረች ቁጥር እትዬ ጾንካ ሙዚቃውን አስቆመው፣ ልጆቹ ሁሉ እያዩ ቋጠሮውን በጥርሷ ያስፈቷታል። ትናንት ልጆቹ ምሳ ሲሄዱ እሷ ቀረች። ቆረጠችው። ክሩ እንዳይተረተር ጫፉን በተዋሰችው ላይተር ለበለበችው። እትዬ ጾንካ ዛሬ ያዩት ጥቁር ጠርዝ ያ ነው።

ራያ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ባኒጻ፣ በአይብ የተሞላ ቂጣ፣ አውጥታ ለሁለት ገመሰችው። አይቡ ጣቷ ላይ ፈሰሰ።

«ብዪ እንጂ። ዘጠነኛ ለወጣ ይፈቀዳል።»

«አልፈልግም። ራያ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? አላቃጠልኩም ብል፣ ታዲያ ማን ነው ሊሉኝ ነዋ።» አኘከች፤ ዋጠች። «ጠዋት የተኮስኩት እኔ ነኝ እኮ። በላይተር እንደተለበለበ ሳየው ገባኝ።»

ኔቬና ወደ እሷ ዞረች። «ታውቂ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ይለፍላት አልኩ። ዕጣው አንቺን ይመርጣል ብዬ በምን አውቄ?»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ! አንቺ ንገሪያቸው።»

«እብድ ነሽ እንዴ?» ራያ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «አንቺ ከቀረሽ ባኩ ምንጣፉ ላይ የምትወጣው ማን ናት? እኔ። ቦታዋን ፈልጋ ነው አይሉኝም? የሩሴ ድመት እንኳ አታምነኝም።»

ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ማጉያው ለፍጻሜ ያለፉትን ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ ለእያንዳንዱ ያጨበጭባል። ቢነግሯቸው እትዬ ጾንካ ምን እንደሚያደርጉ ኔቬና ታውቃለች። ስለ ጉዳቷ የዋሸቻቸው ልጅ ሁለተኛ በስሟ ተጠርታ አታውቅም፤ «ያቺ» ብቻ ሆና ቀረች። ባኩ ይቀራል። ከባኩ በኋላ ያለውም ይቀር ይሆናል።

«ከባኩ ስመለስ ብነግራቸውስ?» አለች። «መማልም ካለብኝ እምላለሁ።»

«ስትመለሺ እኔ የለሁማ። እናቴን አታውቂያትም? ዛሬ ተባርሬ ከአውቶቡስ ስወርድ ካየችኝ በቃ፣ ክለብ የሚባል ነገር አበቃ። ድሮም ሰበብ ነው የጠፋት።» ራያ የቀረውን ባኒጻ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ ሹራቧን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተች፤ ቀጥሎ ፎጣዋን ማጠፍ ጀመረች። አልቸኮለችም። ወደ ኔቬናም አላየችም። «ተይው ባክሽ። ሂጂ፣ አሸንፊ። ብቻ ሁለተኛ እኔ የምተኩሰውን አትቁረጪ።»

ቀልድ እንደሆነ ለማሳየት ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዛትም። አፏን በፎጣው ሸፈነች።

ኔቬና ተነሳች። የክለቡን ጃኬት በውድድር ልብሷ ላይ ደረበች። ዚፑ መሃል ላይ ያዘባት፤ ታግላው አልሆን ሲላት እንዳለ ተወችው።

«የት ነው?»

«ላይ።»

ራያ ፎጣውን ከአፏ አወረደች። «ኔቬና፣ ተይ። አሁኑኑ አይደለም። የፌዴሬሽኑ ሰዎች ሁሉ እዚያ ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሲወጡ ጨርሰው ነው የሚወጡት።»

«ቢያንስ ጫማሽን ቀይሪ፣ ተረከዝሽ ባዶ ነው!»

ኔቬና ወደ እግሯ አየች። ጣቶቿን ብቻ የሚሸፍነው የውድድር ጫማ አሁንም አልወለቀም፤ ተረከዞቿ ቀዝቅዘው ቀልተዋል። ስኒከሯ ከአግዳሚው ሥር ነው። ለእሱ ጎንበስ ካለች ተመልሳ እንደምትቀመጥ ታወቃት።

ወጥታ በሩን ዘጋች።