የገብርኤል ቁልቁለት

መልካሙ ኪሩ ከአስፋልቱ በታች፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ አንድ ጽድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የቆቡ ማሰሪያ እንኳ አልተፈታም። ብስክሌቱ ቀድሞት ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቆልምሟል። መንገዱ ዳር የተሰበሰበው ሰው «እግዚኦ» ይላል እንጂ ወደ ታች የወረደ አንድ የለም።

ኢንስፔክተር ጽጌሬዳ ከጎንደር ተጠርታ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ወረደች። ባልደረቦቿ «ከሰው ይልቅ ሬሳ ይቀናታል» እያሉ ያሟታል፤ እሷም አትክድም። ሬሳ ቃሉን አይለዋውጥም።

የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች። በግራው ላይ የፍሬኑ እጀታ ቀልቶ ታትሟል። በቀኙ ላይ ምንም የለም።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር» አለ ትራፊክ ፖሊሱ ከላይ። «የግራ እጁ የፍሬን ገመድ ተበጥሶበት ነው።»

«የተበጠሰ ገመድ ጫፉ ይዝረከረካል። ይኼኛው ተከርክሟል። ጠበቅ ሲያደርገው እንዲለቅ ሁለት ክር ብቻ ትተውለታል።»

«ታዲያ ገዳይ ከሆነ የቀኙን ለምን ማረው? የቀኙ ፍሬን እኮ ደኅና ነው።»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለችና ወደ መንገዱ ወጣች።

ቀኝ እጅ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። የኋላው ጎማ ተይዞ ቢሆን አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ይቀር ነበር። መንገዱ ግን ንጹሕ ነው። በዚህ ቁልቁለት አንዱ ፍሬን ከድቶት ሳለ ሌላውን ያልነካ ሰው ምን ሆኖ ነው? ወደ መታጠፊያው ስታይ ከባሕር ዛፎቹ በላይ የገብርኤል ጉልላት ብቅ ብሏል። ጽጌሬዳ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ተሳለመች። ቀና ስትል ትራፊክ ፖሊሱ ከቆመበት የለም፤ ሞተሩ ላይ ወጥቷል። ሲሄድ አላየችውም። ለጥቂት ጊዜ የራሷን ቀኝ እጅ ስታይ ቆየች።

ጉዞው በየዓመቱ በጥቅምት የሚደረግ ነው። ብስክሌት የሚወዱ የጎንደር ሰዎች፣ መምህሩም ነጋዴውም ተማሪውም፣ ደባርቅ ወጥተው ያድራሉ፤ በማግሥቱ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርገው ጎንደር ይገባሉ። ቀድሞ ለገባ የሚሰጠው ጭብጨባ ብቻ ነው፤ ለዚያች ጭብጨባ ግን ሰው ሳንባውን ይተፋል። ያን ዕለት ገብርኤል ጋ ሲደርሱ ከፊት የነበሩት አራት ናቸው። መልካሙ ይመራል። ታናሽ ወንድሙ ዲያቆን ሐብተ ማርያም ይከተለዋል። ከዚያ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቢያዝን፣ በመጨረሻም የመልካሙ እጮኛ ፀደይ። ደባርቅ ላይ የሁሉንም ፍሬን ያጠበቀው መካኒኩ አወቀ በመኪና ከኋላ ይመጣ ነበር። ሬሳው ሳይነሳ አወቀ ታሰረ። የሟቹ ዘመዶች ቀድመው ቢያገኙት ኖሮ አይታሰርም ነበር፤ ይቀበር ነበር።

የሟቹ አባት ቄስ ኪሩ ናቸው፤ ቁስቋም ሰፈር ውስጥ የእሳቸውን መስቀል ያልተሳለመ ሰው የለም። በማግሥቱ ፍትሐቱ እንዳበቃ ቀብሩ ላይ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ «የልጄን ገዳይ አውቆ የደበቀ፣ የሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ከዚያ ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ።

«ልጄ፣ ገዳዩን ስጪኝ።»

«እሰጥዎታለሁ አባ። መልሰሽ ውሰጂልኝ ብለው እንዳይለምኑኝ ብቻ።»

ሰዉ ተራ በተራ መስቀሉን እየተሳለመ ሲበተን ጽጌሬዳ አንድ ጥግ ቆማ አየች። የሟቹ እናት ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ጠርዙ የተቀደደ ነጠላ ለብሰው፣ የባላቸው መስቀል ሲቀርብ ከሴቶቹ ኋላ ተሸሸጉ። ዲያቆን ሐብተ ማርያም ደግሞ የገዛ ወንድሙ ፍትሐት ከተጀመረ አንሥቶ ከቅጽሩ በር ውጭ ቆሞ ያለቅሳል፤ ቀኝ ጣቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። «ደም ስላለብኝ መግባት አልችልም» ብሏል። ከግንቡ ሥር አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ብቻዋን ቆማለች። ማንም አላናገራትም፤ ዲያቆኑም አንዴም ዞሮ አላያትም። አለማየቱ ነው ጽጌሬዳን የቆረቆራት።

ቀብሩ እንዳለቀ አንድ በአንድ ታናግራቸው ጀመር። ከአወቀ ጀመረች።

«ፍሬኑን ማን ነካው?»

«እኔ አጠበቅሁት። ብስክሌቶቹ ሆቴሉ ጓሮ ነው ያደሩ፤ ፒንሳዬም እዚያው ነበረ፤ ማንም ያነሳዋል። ግን ኢንስፔክተር፣ አንዱን ብቻ መቁረጥ ምን ይጠቅማል? በሌላው ይቆማል እኮ።»

«ብፈታህ ወዴት ትሄዳለህ?»

አወቀ መሬት መሬት አየ። «የት እሄዳለሁ? የመልካሙ አጎት አያ ወንዴ ጠመንጃቸውን ወልውለው ደጄ ላይ ተቀምጠዋል አሉ። ሚስቴ ልጆቹን ከቤት ማውጣት ፈርታለች። እውነቱ ካልወጣ ባትፈቺኝ ይሻለኛል።»

ቢያዝን ሲገባ ሳይጋበዝ ተቀመጠ።

«መልካሙን ትጠላው ነበር አሉ።»

«እጠላው ነበር። ማኅበሩን የመሠረትሁት እኔ፣ ሰው የሚሰማው እሱን። የጠላ ሁሉ ቢገድል ጎንደር ሰው ይተርፋት ነበር?»

«መታጠፊያው ላይ ምን አየህ?»

«ምንም። ገብርኤል ብቅ ሲል ሁላችንም እንሳለማለን። አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ቀና ስል የለም።»

«እሱስ እንዴት ነበር የሚሳለመው?»

«የቄስ ልጅ አይደል? እኛ ከመሪው ሳንለቅ አንገታችንን ደፋ እናደርጋለን። እሱ ቀኝ እጁን ለቆ ከግንባሩ እስከ ትከሻው ሙሉውን ያማትባል። ስንቴ ተቆጣሁት መሰለሽ።»

ፀደይ ማራኪ ሰፈር ካለው የኪራይ ክፍሏ መጣች። ዓይኗ ደርቋል።

«አንገቴን ደፍቼ ቀና ስል መንገዱ ባዶ ነው» አለች።

«ደባርቅ ላይስ?»

«እራት ላይ መልካሙ ከወንድሙ ጋር ተጣላ። ‹የምታገሥህ ጎንደር እስክንገባ ነው፤ ለአባባ አንተ ካልነገርኸው እኔ እነግረዋለሁ› ሲለው ሰማሁ። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው ‹የቤት ገመና ነው› አለኝ።»

ሐብተ ማርያም እያለቀሰ ገባ፣ እያለቀሰ ተናገረ። «ከሁሉም የቀረብሁት እኔ ነኝ። እያማተበ ነበር፤ ቀኝ እጁ ትከሻው ላይ ነው። በግራው ፍሬኑን ጨበጠ፤ እጀታው እስከ መሪው ድረስ ገባ። ደግሞ ጨበጠው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።»

«ጣትህን ምን ሆነህ ነው?»

«ዳባት ላይ ወድቄ።»

«ጉልበትህን አሳየኝ።»

ሱሪውን ሰበሰበ። ጉልበቱ ላይ ጭረት አልነበረም። «ዳር ላይ ነው የወደቅሁ፣ ሣሩ ላይ» አለ ቶሎ ብሎ።

«አይዞህ» አለችው። ጽጌሬዳ አይዞህ የምትለው ለምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚያውቁ ባልደረቦቿ ቢሰሙ ያዝኑለት ነበር። ከዚያ ሕፃን ያዘለችውን ሴት አጠያይቃ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከፀዳ ከተማ ድረስ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

የሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ አወቀን በካቴና አስራ አስገባችው። ጉርምርምታ ተነሣ። አያ ወንዴ ከነጠመንጃቸው ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ይኼን ከይሲ ከድንኳናችን ድረስ ታመጭብናለሽ? ደም ደረቅ ነው፣ አይቀርም።»

«አይቀርም አያ። የማን እንደሆነ ግን ተቀምጠው ይስሙ።»

ቄስ ኪሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ አጎትየው ተቀመጡ። ጽጌሬዳ የመልካሙ ፎቶግራፍ ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገብርኤል እዚያ በር ጋ ነው እንበል። ያን ዕለት እንዳደረጋችሁት ተሳለሙ።»

ቢያዝንና ፀደይ አንገታቸውን ደፉ። ሐብተ ማርያምም ደፋ። ልማድ ነውና ድንኳኑ በሙሉ አብሮ ደፋ።

«አሁን እኔ ምን አደረግሁ?» አለች ቀና ሲሉ።

ሰዉ ተያየ። ያወቀ አልነበረም። ከዚያ ፀደይ የመልካሙ ፎቶግራፍ በፊቱ መደፋቱን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«እናንተ ፊት ገለበጥሁት፤ ማንም አላየኝም። የሚሳለም ሰው አያይም። ገዳዩ የግራውን ፍሬን ብቻ የቆረጠው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መልካሙ ገብርኤል ጋ ሲደርስ ቀኝ እጁ ለመስቀል እንደሚነሣ ያውቃል። ያቺ ቅጽበት ትበቃዋለች። መልካሙን የገደለው ማማተቡ ነው፤ ማማተቡን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት አባ። አወቀ ከኋላ በመኪና ስለሚመጣ ይኼን አያውቅም፤ እስካሁንም አንዱ ብቻ ለምን እንደተቆረጠ አልገባውም። የሚያውቁት ከኋላው የሚነዱት ሦስቱ ናቸው።»

ቢያዝን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«ቢያዝን ምን አየህ ስለው ምንም አለኝ። ፀደይም ምንም አለችኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሐብተ ማርያም ግን ሁሉን አይቷል። ግራ እጁ ሁለቴ ሲጨብጥ፣ እጀታው እስከ መሪው ሲገባ፣ ቀኙ ትከሻው ላይ ሲሆን፣ ዞሮም ሲያየው። ከልጅነቱ ታቦት ያገለገለ ዲያቆን ያን ዕለት ገብርኤልን ሳይሳለም አለፈ። ለምን? ዓይኑን ከወንድሙ እጅ መንቀል አልሆነለትማ። የቆረጠው ገመድ ሲለቅ ይጠብቅ ነበር።»

«አላየሁም» አለ ሐብተ ማርያም። «ኋላ አስቤው ነው።»

«ጣትህን ፍታ።»

አልፈታም። ጽጌሬዳ ራሷ ፈታችው። ጣቱ አልተላጠም፤ መርፌ የወጋው የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት። «የፍሬን ገመድ ክሩ ሲቆረጥ ይወጋል። ጣት ውስጥም ይሰበራል። ቀኝ ጣቱ የቆሰለ ሰው በግራው ለቅሞ አያወጣውም፤ ያወጣለት ሰው አለ።» ጨርቁን ዘርግታ ለሰዉ አሳየች። «ይኼ የነጠላ ጠርዝ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሴት ሁሉ የወይዘሮ ሸዋአየሁን ነጠላ አየ። እሳቸው አልሸሸጉትም።

«በወረንጦ አወጣሁለት» አሉ። «ከምን ነው ብዬ ብጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ። የመልካሙ ሬሳ ገና ከግቢ አልገባም ነበር። አንዱን ላልቅስ ወይስ ሁለቱንም ልጣ?»

ቄስ ኪሩ ሚስታቸውን አላዩም። ልጃቸውን ነው ያዩት።

«በምን? በምን ምክንያት?»

«ፀዳ ውስጥ ልጅ አለው አባ» አለች ጽጌሬዳ። «እርስዎ ለኅዳር ቁስቋም በቁርባን ሊድሩትና ሊያቀስሱት ሲያሰናዱ፣ ክህነቱ ከፈረሰ ቆይቷል። መልካሙ ደረሰበት። ጎንደር እስክንገባ ንገረው፣ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ አለው። ገብርኤል ከጎንደር በፊት ያለው የመጨረሻው ክፉ ቁልቁለት ነው።»

ሐብተ ማርያም እንባው ደርቆ ነበር። «ጎንደር እንዳይገባ ብቻ ነው የፈለግሁት» አለ። «ለምኜዋለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ‹ለአንተው ነፍስ ብዬ ነው› አለኝ።»

«ሕፃኑ ከተወለደ ወዲህ ከእኔ ጋር መቅደስ ገብተህ ቀድሰሃል?» አሉ አባቱ።

ሐብተ ማርያም አንገቱን ደፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጠርቶ ሲመጣ ግን ዓይን የሚችለው አይደለም። ቄስ ኪሩ ወደ ጽጌሬዳ ዞሩ።

«ገዳዩን ስጪኝ ብዬሽ ነበር፤ ሰጥተሽኛል። አሁን ውሰጂው» አሏት።

ጽጌሬዳ ካቴናውን ከአወቀ እጅ ፈትታ በዲያቆኑ እጅ ላይ ቆለፈችው። አወቀ የተፈታ እጁን እያሻሸ ማንንም ሳያይ ወጣ። አንድም ሰው ይቅርታ አላለውም። አያ ወንዴ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ፣ ደሙን ከማን እንደሚመልሱ ጠፍቷቸው ተቀምጠው ቀሩ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። መጥተው ባላቸው እግር ሥር ተንበረከኩ። ከተጋቡ ጀምሮ በስማቸው ነበር የሚጠሯቸው። አሁን ግን ንስሐ እንደመጣ ባዕድ ሰው፣ «አባ ይፍቱኝ» አሉ።

ቄስ ኪሩ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በሕዝብ ፊት ያወገዙበት ያው መስቀል ነው። ወደ ሚስታቸው ግንባር ዘረጉት።

«እግዚአብሔር…» አሉ።

የቀረችው ቃል አልወጣችም። መስቀሉ ግንባራቸው ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ እየጠበቁ ነበር፤ አንገታቸውን ስለደፉ የባላቸውን ፊት አላዩም።