ገና ያልወሰኑ ሰዎች ሰፈር

ለመሆኑ ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጃገረድ አንድ ሆቴል ሲያድሩ ስንት ክፍል ይከራያሉ?

እማማ ውብአለም ይህን ጥያቄ ይዘው ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር፣ አሥራ አምስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሁለት ነው ቢሉ፣ አንዱ ለወንዶቹ አንዱ ለልጅቷ ይሆናል ብለው ትንሽ ይረጋጋሉ። ሦስት ነው ቢሉ፣ ይህን ሁሉ ክፍል በምን አቅማቸው ይላሉ። አንድ የሚለውን ቁጥር ግን አፋቸው ላይ አላመጡትም። ልጅቷን ራሷን መጠየቅ ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ልጅቷ የልጅ ልጃቸው ሆሣዕና ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በሥራ ቀን ፋርማሲ ትውላለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑን ትመራለች። አሁን ግን ከፋርማሲው ፈቃድ ወስዳ፣ ክብረት ከሚባል ጋዜጠኛና ፋሩቅ ከሚባል ካሜራ ያዥ ጋር በአንድ ቫን አሜሪካ ገብታለች። የአሜሪካ ኮንግረስ ምርጫ ደርሷል። ሦስቱ ከሚሺጋን እስከ ፔንሲልቬንያ፣ ማን እንደሚያሸንፍ በማይታወቅባቸው ወረዳዎች እየዞሩ የሚያዩትን በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ ያቀርባሉ።

ሆሣዕናና ክብረት የተዋወቁት በእማማ ውብአለም ምክንያት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። በካናዳው ምርጫ ጊዜ እጩዎቹ ሕንጻው ሥር ባለው አዳራሽ ሰው ሰብስበው ነበር። ክብረት ማይክሮፎኑን ይዞ ተጠጋና፣ «እማማ፣ ማንን ይመርጣሉ?» አላቸው።

«ሊፍታችንን የሚያሠራውን» አሉ።

ቪዲዮውን ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ሁሉ ተቀባበለው። በማግስቱ ሆሣዕና ደወለችለት።

«አያቴን መሳቂያ አደረግካት።»

«ከእጩዎቹ ሁሉ ቁም ነገር የተናገሩት እሳቸው ናቸው ብዬ ነው ያወጣሁት።»

«አውርደው።»

«አወርደዋለሁ። ግን መጥቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው?»

አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ መጣ። ይቅርታውን ለአያትየው ተናገረ፤ ዓይኑ ግን ሻይ ይዛ ከምትገባው ልጅ ላይ አልተነሣም። ይቅርታው በዚያ ቀን አለቀ፣ መምጣቱ ግን አላለቀም። ሆሣዕና ብዙ የምትስቅ ልጅ አልነበረችም። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ውስጧ የሆነ ነገር ደንዝዞ የቀረ ይመስል፣ ደስታውንም ሐዘኑንም በአንድ ፊት ነበር የምትቀበለው። ክብረት ሲመጣ ግን እማማ ውብአለም ከወጥ ቤት ሆነው ሳቋን ሰሙ። ደስ አላቸው። ከደስታው ጋር ግን ፍርሃትም መጣባቸው።

ጉዞው ሲጀመር ሆሣዕና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ትደውልና ስልኩን ከሹፌሩ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራ ትሰካዋለች። እማማ ውብአለም ሚሺጋንን ያቋረጡት እንዲህ ሆነው ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፣ መንገዱን ከለሉኝ» ይላል ፋሩቅ መሪውን እንደያዘ።

«ዝም ብለህ ንዳ። ምሳ በላችሁ?»

«ማንን ነው የጠየቁት? እኔን ነው ሆሲን?»

«ሆሲን። አንተን ምን ብዬ እጠይቃለሁ፣ ጉንጭህ ይናገር የለ።»

አንድ ቀን፣ ፔንሲልቬንያ ከገቡ በኋላ፣ «ዛሬስ ስንት በር አንኳኳችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«እኛ እኮ አናንኳኳም፣ እማዬ» አለች ሆሣዕና። «የሚያንኳኩት የአንዷ እጩ ቀስቃሾች ናቸው። እኛ ከኋላ እንከተላለን። ሃምሳ ስድስት በር ሆነ።»

«ግማሹ አልከፈተም» አለ ክብረት። አጠገቧ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። «አንድ ሽማግሌ ብቻ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አጫወቱን። አንዴ ለዚህኛው ፓርቲ፣ አንዴ ለዚያኛው ሲሰጡ ኖረዋል። ዘንድሮ ገና አልወሰንኩም አሉ። ወረዳውን የሚጥሉትና የሚያነሡት እንደ እሳቸው ያሉ ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው።»

«ሰው እስከዚህ ቀን ሳይወስን እንዴት ይቆያል?»

«እኔ ይገቡኛል» አለች ሆሣዕና በመስኮት እያየች። «የሚፈልጉትን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ከወሰኑ በኋላ የሚመጣውን ፈርተው ነው።»

የክብረት እጅ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አያት። እሷም ከመስኮቱ ተመልሳ አየችው። እማማ ውብአለም ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያን መተያየት አዩት፤ የማይገባ ቦታ የገቡ ይመስል ዓይናቸውን ከስልኩ አነሡ። ፋሩቅ ጉሮሮውን ጠረገና ሬዲዮኑን ከፈተ።

ትንሽ ቆይተው ነዳጅ ለመቅዳት ቆሙ። ፋሩቅ ወደ ቧንቧው፣ ሆሣዕና ውሃ ልትገዛ ወረዱ። ክብረት ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዳይደነግጡ።»

«ከደነገጥኩ ቆይቻለሁ። ተናገር።»

«ስንመለስ ሽማግሌ ልልክብዎት ነው። የቤተ ክርስቲያናችሁ አቶ ዘመድኩን እንዲገቡልኝ ደውዬ ለምኛቸዋለሁ፣ እሺ ብለውኛል። ለሷ ገና አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«አያቴን ትቼ የትም አልሄድም ትላለች። መጀመሪያ እርስዎ ቢመርቁን፣ ጥላዎት የሄደች አይመስላትም ብዬ ነው።»

«የት ነው የምትሄደው?»

«ከጥር ጀምሮ ዋሽንግተን ሥራ አግኝቻለሁ። እርስዎንም ቢሆን...»

ሆሣዕና ውሃውን ይዛ ተመለሰች። ክብረት ቀና አለ። እማማ ውብአለም እሺም እምቢም ሳይሉ ስልኩ ተዘጋ። እጃቸውን አዩት። ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል፣ ግን የሳቸው እጅ አልመስል አላቸው።

በማግስቱ ሆሣዕና አልደወለችም። ቢደውሉላትም አታነሣም። እንዲሁ ሁለት ቀን ሆነ።

ቤተ ክርስቲያናቸው በየማለዳው የስልክ ጸሎት አላት። አንድ ቁጥር ይደወላል፤ ከቶሮንቶም ከካልጋሪም ከሚኒያፖሊስም ሰው ይገባል፣ ሁሉም የራሱን ድምፅ ዘግቶ ይሰማል። የምትመራው ጸዮን ናት። አቶ ዘመድኩንም የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ እንደመሆናቸው አንድ ቀን አይቀሩም።

«የጸሎት ርዕስ ያለው ድምፁን ይክፈት» አለች ጸዮን።

እማማ ውብአለም ከፈቱ። «ስለ ልጄ ስለ ሆሣዕና ጸልዩልኝ። ከክብረት ጋር አሜሪካ ናት። አንድ ሆቴል ነው የሚያድሩት። ስልክ ካነሣች ሁለት ቀኗ ነው። ሥጋዋንም ነፍሷንም ጌታ ይጠብቅልኝ።»

«አሜን» አለች ጸዮን፣ ዘግየት ብላ።

እማማ ውብአለም ያደረጉት ያን ጊዜ ገባቸው። የፋሩቅን ስም አልጠሩም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሆሣዕና ደወለች። ተራራ መሐል ያለ መንደር ገብተው ስልክ አልሠራ ብሏቸው ነው። ድምፅዋ ደህና ነው። «ፋሩቅ ሲያንኮራፋ ክብረትን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣው» አለች። «የኔ ክፍል ሌላ ፎቅ ላይ በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

አራት ቀን ቆይታ ሆሣዕና ሳትጠበቅ በአውቶቡስ ብቻዋን መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ከአገልግሎት አግደውኛል።»

«ማን?»

«አቶ ዘመድኩን ደወሉልኝ። ነገሩ እስኪጣራ መድረክ ላይ አትውጪ አሉኝ። የምን ነገር ስላቸው፣ ከክብረት ጋር ስላለሽው ነገር አሉ። ከማን ሰማችሁ ስላቸው፣ ከቅርብሽ ሰው አሉ።» ግድግዳውን እያየች ነበር የምታወራው። «ክብረት ለሳቸው እንደደወለ አውቃለሁ፤ ስማቸውን ስልኩ ላይ አይቼዋለሁ። ስለ እኔ ምን ብለህ ነው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። ቶሮንቶ ስንገባ እነግርሻለሁ አለኝ። ምን እስኪያቀናብር ነው?»

እማማ ውብአለም አፋቸውን ከፈቱ። የሚናገሩት ነገር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር።

«ምሳ በላሽ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አንዱ ከአንዱ አይለይም። ሆሣዕና ፋርማሲ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የቀረበላትን ትበላለች። አላለቀሰችም። ክብረት ሲደውል ስልኩ እስኪያቆም ታየዋለች። እሑድ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። መዘምራኑ ያለ እሷ ሲዘምሩ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። እዚያው ወንበር ላይ ያሉት ሴቶች ቦታ ሳይጠባቸው ከእሷ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

አንድ ቀን እማማ ውብአለም ከመኝታ ቤት ሲወጡ የክብረትን ዝግጅት ስትከታተል አገኟት። ድምፁን ዘግታዋለች። ክብረት ከአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሆኖ ያወራል፣ ከኋላው መራጮች ተሰልፈዋል፤ እሷ አፉን ብቻ ታያለች። አያትየው ተመልሰው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ልጅቷ ቤት ቀርታለች። የትም አልሄደችባቸውም። የፈለጉት ይህን አልነበረም? አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ደስታውን ፈለጉት። ሐዘኑንም ፈለጉት። ሁለቱም አልተገኙም። የተገኘው ብርድ እንደመታው ጣት ያለ ነገር ነው።

ምርጫው አለፈ። ሌላው ወረዳ ሁሉ ሲታወቅ ያ የፔንሲልቬንያው ወረዳ አልለይ አለ፤ እንደገና ይቆጠር ተባለ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በሩ ተንኳኳ። ክብረት ነበር። የሆሣዕናን ሻንጣ ይዟል። ጫማውን አውልቆ ገባና መሐል ሳሎን ቆመ። ከስቷል።

«ዕቃሽን አምጥቼ ነው።»

«አስቀምጠው።»

«ፋሩቅን ቤቱ አደረስኩት። እኔ እመለሳለሁ፤ ያ ወረዳ እንደገና እየተቆጠረ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አውቶቡስ አለኝ። ከዚያ በዚያው ወደ ዋሽንግተን ነኝ።»

«መልካም መንገድ።»

«ሆሲ፣ ስለ አንቺ ክፉ ነገር ከአፌ አልወጣም።»

«ታዲያ ለአቶ ዘመድኩን ምን ብለህ ደወልክ?»

ክብረት ወደ እማማ ውብአለም ዞረ። ብዙ አያቸው። እሳቸው ምንጣፉን አዩ። ሆሣዕና መልስ ስትጠብቅ ቆየችና ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ጀርባዋን ሰጠችው።

ጫማውን ሊያደርግ ሲያጎነብስ አያትየው ተከትለውት ኮሪደር ወጡ።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቁ የለ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለምን አልነገሯትም?»

እማማ ውብአለም የበሩን እጀታ ያዙ።

«አሁን እኔ ብነግራት፣ ወሬ ለመሸፈን ያመጣሁት ሽማግሌ ነው የሚመስላት። በወሬ የተገፋች ሚስት አልፈልግም። ደህና ይሁኑ።» ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ነካና ሄደ።

እማማ ውብአለም ተመልሰው በሩን ዘጉ። ሆሣዕና አሁንም መስኮቱ ጋ ናት። ቁጭ አላሉም። ቁጭ ካሉ እንደማይናገሩት ያውቁታል።

«ሽማግሌ ሊልክብሽ ነበር» አሉ። «ለዘመድኩን የደወለው ለሱ ነው። ነዳጅ ስትቀዱ ነገረኝ። አንቺ ከመስማትሽ በፊት እኔ እንድመርቃችሁ ፈልጎ ነው ዝም ያለሽ። በጸሎት መስመሩ ላይ ያወራሁት እኔ ነኝ። የቅርብሽ ሰው ያሉት እኔን ነው።»

ሆሣዕና ዞረች።

«ምን ብለሽ?»

ያሉትን አንድ ቃል ሳያስቀሩ ነገሯት።

«ፋሩቅ አብሮን እንዳለስ?»

«አልተናገርኩም።»

«ረስተሽው ነው?»

ረሳሁ ማለት ይቻል ነበር። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ማንም ያምናቸዋል፣ እሷም ልታምናቸው ፈልጋ እየጠበቀች ነው። እማማ ውብአለም ግድግዳውን ተደገፉ።

«አላውቅም፣ ልጄ። ዋሽንግተን አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ስትመጪ ደግሞ አየሁሽ፤ ቤት ገባሽ። ዝም ካልኩ ትቀሪያለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ሦስት ሳምንት፣ የሞተችውን እናትሽን ፊት በአንቺ ፊት ላይ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ሆሣዕና አልተቆጣችም። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። መሳቢያ ሲሳብና ሲዘጋ ተሰማ። ስትመለስ ካፖርቷን ለብሳለች፣ ፓስፖርቷንም ውስጥ ኪሷ ስትከት አያትየው አዩ።

«ለዘመድኩን እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አሉ እማማ ውብአለም። «ነገ ጠዋት በዚያው መስመር ላይ፣ ሁሉም እየሰማ እናገራለሁ። ፋሩቅንም፣ የክፍሉንም ነገር።»

ሆሣዕና ክብረት ያስቀመጠውን ሻንጣ፣ ሳትከፍተው፣ እጀታውን ይዛ አነሣች። በሩ ጋ ቁጭ ብላ ጫማዋን አሰረች፤ አንዱን አስራ ሌላውን ፈትታ እንደገና አሰረች። ሰዓቱን አየች።

«አውቶቡሱ ሳይነሣ ትደርሺበታለሽ» አሉ አያትየው።

ተነሣች። ከግድግዳው ጋር እንደተለጠፉ አጠገባቸው ስትደርስ ቆም አለች፤ ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ሹራብ ሳብ አድርጋ መለሰችላቸው። ዓይናቸውን አላየችም። በሩን ከፈተች፣ ሻንጣውን አስቀድማ ወጣች።