ደብዘዝ ያለው ይሻለኛል

ምንትዋብ ከደሴ በሚኒባስ ወርዳ ኮምቦልቻ ቪዲዮ ቤት ስትገባ ገና ረፋድ ነበር። ደሴም ካሴት ወደ ዲስክ የሚገለብጥ ሞልቷል፤ ግን እዚያ ያሉት ሁሉ ከአራት ወር በፊት እናቷ ቀብር ላይ የነበሩ ናቸው። እዚህ የሚያውቃት የለም።

ባለቤቱ ጋሽ ከድር ካሴቱን ተቀብለው ማጫወቻው ውስጥ ከተቱት።

«ለማን ነው የኔ ልጅ?»

«ስዊድን ላለው ወንድሜ። እናቴን ልያት ብሎ።»

«እንግዲያው ዲቪዲ ነዋ! ቪሲዲ የትኛውም ማጫወቻ ያነበዋል፤ ግን ፊት ያደበዝዛል።»

«ደብዘዝ ያለው ይሻለኛል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«እንዲህ ያለ ደንበኛ ዛሬ ገና አየሁ!» ብለው ሳቁ።

እሷ መሳቅ አልቻለችም። ወንድሟ ይታገሱ የመኖሪያ ፈቃዱን እስኪያገኝ መርዶው እንዳይነገረው ዘመድ ተማክሮ ወስኗል፤ አጠገቡ አቅፎ የሚያስለቅሰው ሰው በሌለበት አገር እንዴት ይስማው ተብሎ። ስልክ ሲደውል «ጆሮዋ ደክሟል» ይሉታል። ቪዲዮ ላኩልኝ ሲል ግን ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ መላውን ያመጣችው ምንትዋብ ናት። ካሜራ ተውሳ ቡፌው ላይ አስደገፈችና መስኮቱን ገርበብ አድርጋ፣ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጯን ይዛ፣ ማንም በሌለበት ቤት እናቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቀሚሱ ከሳጥን ሲወጣ እናቷ ወገቧን የምትታሽበት ቅባት ይሸት ነበር። ስትቀመጥ ግን ሽታው ከልብሱ ለቆ ከጀርባዋ መምጣት ጀመረ፤ እየቀረበ፣ እየከበደ፣ በመጨረሻም ማጅራቷ ላይ ለብ ካለ ትንፋሽ ጋር የሚያርፍ መሰላት። «ልጄ፣ ደህና ነኝ፤ አታስብ» አለች ድምጿን አጎርንና። ቃሏን ሳትጨርስ የወለሉ ጣውላ ከኋላዋ ሲጥ አለ፤ ረጅም ጊዜ የቆመ ሰው እግሩን ሲያሳርፍ እንደሚለው። አልዞረችም። ከፍርሃቷ ይልቅ እፍረቷ ነበር የያዛት፤ በዚያ ልብስ እንዴት ብላ ትዙር?

አሁን ጋሽ ከድር ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«መጋረጃውን አልሰበሰባችሁትም፤ ንፋስ ያወዛውዘዋል።»

ቀና ብላ አየች። ከወንበሩ ኋላ ባለው ጨለማ ውስጥ አንድ ረዘም ያለ፣ ነጣ ያለ ነገር በጣም በዝግታ ወደ ተከናነበው ራስ ጎንበስ ይል ነበር። ከዚያ ወንበር ኋላ ግድግዳ እንጂ መጋረጃ ኖሮ አያውቅም።

«በቪሲዲ… እሱ ይጠፋል?»

«መጋረጃው? ማን ያየዋል! ጭጋግ ነው የሚሆነው።»

አድራሻውን ተቀብለው ፖስታውን ራሳቸው አሸጉላት። ከበር ስትወጣ፣ «እናትሽን ሰላም በይልኝ!» አሏት።

«እሺ» አለች። እስከ ደሴ ድረስ ያቺ «እሺ» ጉንጯን ስታቃጥላት ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት፣ ይታገሱ ደወለ።

«ደረሰህ?»

«ደረሰኝ። ሁለቱንም አየሁ።»

«ሁለት?»

«ቪሲዲው ጭጋግ ነው። ዲቪዲው ግን እንደ መስታወት ጥርት ያለ! ባለ ሱቁ ‹የእናት ፊት ስለሆነ ከኔ ስጦታ› ብለው ጽፈውበታል።»

ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የወገብ ቅባቱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ይታገሱ፣ ይቅር በለኝ። እኛ እኮ…»

«ተይ ተይ፣ ገና ሳይሽ ነው የለየሁሽ» ብሎ ሳቀ። «ድሮም ጫማዋን አጥልቀሽ ነበር የምትዞሪው። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው፣ ምንትዬ፤ ወገቧን እንደሚያማት እያወቅሽ፣ እማዬን ያን ሁሉ ሰዓት ከኋላሽ አቁመሽ ወንበሯ ላይ ስትቀመጪ ትንሽ አታፍሪም?»