የተሸፈነው ላሜራ

ዘርዓይ የሞተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አስመራ ዓኽርያ ሰፈር ውስጥ፣ በእህቱ ግቢ በከፈተው የብረት ሥራ ቤት ነው። በደረቱ ተደፍቷል፤ ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቷል። አስከሬኑን ማንም አላለበሰውም። ከጎኑ የተዘረጋው ነገር ግን አመድማ ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ድንጋይ ተቀምጧል።

መርማሪ ሰሎሜ ይህን አይታ ደሟ ፈላ። ሰውን ሜዳ ላይ ጥሎ ዕቃ የሚያለብስ ምን ዓይነት እጅ ነው?

በአጥሩ ማዶ ሰፈሩ ተሰብስቦ «ያን የደርግ ወታደር አውጡልን» ይላል። በሩን የያዙት ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ ሕዝቡ ከገፋ እስከ ቀትር እንኳ አይቆዩም። ኤርትራ ነጻ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗል። ሰው ጥፋተኛ ለማግኘት ሲቸኩል ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ያነሳል፤ እጃቸው ላይ ያለው ከዘርዓይ ጋር የሚሠራው ሀሰን ነበር።

ሀሰን የወሎ ሰው ነው። ጦሩ ሲበተን ጓደኞቹ ወደ ደቡብ ተመሙ፤ እሱ የአስመራ ሴት አግብቶ ነበርና ቀረ። ሰሎሜ ያነጋገረችው መሣሪያ ክፍል ውስጥ፣ በትግል ዘመን የጠላትን ሬዲዮ እየጠለፈች በተማረችው አማርኛ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስትጠላው የኖረችውን አነጋገር ፊት ለፊት መስማት አሁንም ጥርሷን ያንቀጫቅጫታል።

«መዶሻው የማነው?»

«የእኔ ነው። እጀታውን በሽቦ የጠመጠምኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።»

«ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር። መስኮት ልለካ ሄጄ ባለቤቱን አጣሁት።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«የለም። ቢኖርስ ወላሂ ማን ያምነኛል?»

«ይህ የተሸፈነው ምንድን ነው?»

«ላሜራ ነዋ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ እኔና ዘርዓይ ከማኪና አወረድነው። እትዬ ትብለጽም አይተዋል።»

«ስትሄድ ተሸፍኖ ነበር?»

«ለምን ብለን? ልንቆርጠው እኮ ነው የዘረጋነው።»

ትብለጽ የሟቹ እህት ናት። ላሜራው ሲወርድ ማየቷን፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገበያ መሄዷንና ስትመለስ ጩኸት መስማቷን ተናገረች። ዕንባዋ ገና አልመጣም፤ የመጣው ንዴቷ ነው።

«ከወንድምሽ ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«እወ፣ ምን ምሥጢር አለው? አሥራ አራት ዓመት ጠብቄው ከበረሃ መጣ። መጥቶ ያንን ወታደር ግቢዬ አስገባው። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«ምን ይልሽ ነበር?»

«ጦርነቱ አልቋል ይለኝ ነበር። ለእሱ አልቋል።»

ሦስተኛው ሰረቀብርሃን ነው፤ አስከሬኑን አግኝቶ የጮኸውም እሱ። በበረሃ የዘርዓይም የሰሎሜም አዛዥ ነበር። ሰሎሜ እግሯን ስትመታ አንድ ተራራ ሙሉ በጀርባው ተሸክሞ አውጥቷታል፤ እሱ ባይኖር ዛሬ እሷም የለችም። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ስምንት ወሩ ነው። በእነዚህ ስምንት ወሮች ከሁለት ሥራ ወጥቶ፣ በመጨረሻ ዘርዓይ ነው እዚህ ያስጠጋው።

«ምን ትለፊያለሽ፣ ሰሎሜ? ሰውዬውን አስረሽ ውሰጂው።»

«አንተ የት አደርክ?»

«እኔንም ትጠይቂኛለሽ? ዓዲ ኣበይቶ፣ እናቴ ዘንድ። ትናንት ከሰዓት ሄጄ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ በአውቶቡስ መጣሁ። በሩ ክፍት ነው። ገባሁ፤ ከአዲሱ ላሜራ አጠገብ ተደፍቶ አገኘሁት።»

«በእጅህ የነካኸው ነገር አለ?»

«ምንም። ሬሳ አይቼ የማላውቅ መሰለሽ?»

ሰሎሜ መጻፏን አቆመች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና ወደ ግቢው ወጣች።

ድንጋዮቹን አንስታ ብርድ ልብሱን ገለጠች። የላሜራው ብልጭታ ዓይኗን ሲመታት አንገቷ ሳታዝዘው ወደ ሰማይ ዞረ፤ እጇም ብርድ ልብሱን ሊመልሰው ሞከረ። እጇን ያዘች። ያኔ ነገሩ ገባት፤ በመግባቱ ግን አልተደሰተችም። ላሜራውን እንዳለ ትታ፣ ብርድ ልብሱን አጥፋ ከአጠገቡ አስቀመጠችው። ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሦስቱንም እዚያው ጠራቻቸው።

«ሀሰንም የሚባልበትን እንዲሰማ በአማርኛ እንነጋገር» አለች። «የብርድ ልብሱ የላይ ፊት ንጹሕ ነው። ደም የነካው ውስጡን ነው፤ ላሜራው ላይም ደም ተረጭቷል። ስለዚህ ላሜራው የተሸፈነው ከምቱ በኋላ ነው። የሸፈነው ገዳዩ ነው።»

«ደሙን ሊደብቅ ይሆናላ» አለች ትብለጽ።

«ደሙማ መሬቱም ላይ አለ። ወንድምሽ ራሱ ሳይሸፈን ነው የተገኘው። የተደበቀው ብልጭታው ነው። እኛ በረሃ ሳለን የሚያብለጨልጭ ነገር ቀን ላይ ሳንሸፍን አንተውም ነበር። የማኪናውን መስታወት በጭቃ እንለቀልቃለን፤ የሻሂ ጣሳ እንኳ እንሸፍናለን። አውሮፕላን ያየናላ። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ይሠራል። ሀሰን፣ እናንተ እንዲህ ታደርጉ ነበር?»

«ከማን ልንደበቅ?» አለ ሀሰን ቀስ ብሎ። «እናንተ አውሮፕላን አልነበራችሁም።»

«ትብለጽም ከከተማ ወጥታ አታውቅም» አለች ሰሎሜ።

ሰረቀብርሃን በንቀት ሳቅ አለ። «በረሃ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ? አንቺም ነበርሽ።»

«ነበርኩ። አንተ ግን ሌላም ነገር ነገርከኝ፤ ‹ከአዲሱ ላሜራ አጠገብ› አልክ። ላሜራው የመጣው ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ አንተ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ዓዲ ኣበይቶ ነበርክ። በአራት ሰዓት መጣሁ ካልክ፣ ያየኸው በድንጋይ የተያዘ ብርድ ልብስ ነው። ምንም አልነካሁም ብለሃል። ከሥሩ ላሜራ መኖሩን፣ ያውም አዲስ መሆኑን፣ በምን አወቅህ?»

«ገምቼ ነው።»

ሰሎሜ ሰዓቷን አየች። በየቀኑ በስድስት ሰዓት የምታርፈው የመንገደኛ አውሮፕላን ዝቅ ብላ እያጓራች በሰፈሩ ላይ መጣች። ትብለጽና ሀሰን ቀና እንኳ አላሉም። ሰረቀብርሃን ግን ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ላሜራው ላይ ሳበው። ቀና ሲል ሁሉም እያዩት ነበር።

ብርድ ልብሱን ለቀቀው።

«አሥር ዓመት ያዘዝኩት ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ‹ከነገ ጀምሮ አትምጣ› አለኝ። ‹አንተ ማዘዝ እንጂ መሥራት አልቻልክም፤ ደንበኛው ሁሉ ሸሸን፤ ከሀሰን ጋር እቀጥላለሁ› አለ። ከዚህ ጋር። ይህንን የነገረኝ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ላሜራ እየለካ ነው።»

ትብለጽ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተሸክሜሻለሁ፣ ሰሎሜ» አለ።

«እወ፣ ተሸክመኸኛል። እጅህን አምጣ።»

ካቴናውን ራሷ ቆለፈችበት። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ለሀሰን የተለቀመው ድንጋይ በየሰዉ እጅ እንዳለ ቀረ፤ ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም።

ሀሰን ኮቱን ከሚስማር አንስቶ ወደ ጓሮ በር ሲያመራ ትብለጽ ከተቀመጠችበት ጠራችው።

«ስማ፣ አንተ። ገዳዩ አንተ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አላትና ወጣ።

ሰሎሜ ልትቆጣት ብላ ተወችው። ከጠዋት ጀምሮ እሷም ስትመኝ የዋለችው ይህንኑ ነበር።