የ‹ገመ ሶር› ባለቤት

ጋሼ ጅራታ የተገኙት በግንባራቸው ተደፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ነው።

ኢንስፔክተር ዘውደነሽ በባጃጅ ስትደርስ ዝናቡ የግቢውን ቆርቆሮ ይቀጠቅጠው ነበር። ደፍ ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ አልገባችም። ሰውየውን ታውቃቸዋለች። በመቱም ሆነ በቡሬ፣ ዳሪሙ ገጠር ድረስ፣ ‹ገመ ሶር›፣ ‹ከሶር ወንዝ ማዶ› የሚለው የሳቸው ዘፈን ሳይዘፈን ሙሽራ ከቤት አይወጣም። የራሷም ሠርግ ላይ ተዘፍኗል።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ክራር፣ አንድ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ስልካቸውና አንዲት ክብ፣ ትንሽ፣ ገመድ አልባ ስፒከር ተቀምጠዋል። የአልጋው የብረት ማዕዘን ደም ነክቶታል። ደሙ ግን እዚያ አላበቃም፤ ከአልጋው እግር ሥር ተነሥቶ ወደ በሩ እየተሳበ መጥቷል።

«ወለሉ እርጥብ ነው፤ አንሸራቷቸው ይሆናል» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ዘውደነሽ ጎንበስ ብላ ሸሚዛቸውን አየች። ደረቱ ላይ ሁለት ቁልፎች ከነክራቸው ተበጥሰዋል።

«ያንሸራተተው ሰው ቁልፉ አይበጠስም» አለች። «አንድ ሰው እዚህ ጋ ጨምድዶ ይዟቸው ነበር።»

የሟች እህት እትዬ በየነች በረንዳው ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ግቢው የሳቸው ነው። ከወንድማቸው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘው ሰፊ ክፍል የሙዚቃ መለማመጃ ነው። የዚያን ዕለት ለመቱ ዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ሊለማመዱ የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ዘፋኟ ገለኔ፣ አቀናባሪው ኢክረማ፣ እና ድሮ የጋሼ ጅራታን ካሴቶች ያሳትም የነበረው ባለሱቁ አባስ።

«ምሳ ለሦስቱ መለማመጃው ውስጥ አቀረብኩ» አሉ እትዬ በየነች። «ኢክረማ ‹ጋሼ በኋላ እበላለሁ ብለዋል› አለኝ። እኔም ተውኩት። ከክፍሉ ዘፈኑ ይሰማኝ ነበር፤ አንዱን ያቆማል፣ ሌላውን ይጀምራል። አንዴማ ቤቱ እስኪናጋ ጮክ አደረገው። ‹ጅራታ፣ ልታደነቁረን ነው?› ብዬ ከጓዳ ጮኽኩበት። መልስም አልሰጠኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም አለ። ምሳውን ይዤ ብገባ… ያ ዋቅ! አምላኬ!»

ዘውደነሽ እስኪረጋጉ ጠበቀች። «እትዬ፣ ከዘፈኑ ሌላ የሰሙት ድምፅ አልነበረም? የሰው ንግግር?»

«የሰው ድምፅ? … አዎ፣ አንዲት ሴት ስለ ዳይፐር ስትለፈልፍ ነበር። ለአራስ ልጅ የሚመች፣ የማያፈስ ምናምን ስትል። ቤታችን ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ ለዳይፐር ምን አገባው ብዬ ሳቅኩ እኮ፣ ልጄ! እሱ እዚያ ወድቆ እኔ ሳቅኩ።»

«ሬድዮ ይሆናላ» አለ ፖሊሱ።

«ሬድዮ የለውም። ልጄ ሊቺ ይችን ስፒከር ከአዲስ አበባ ከላከችለት ወዲህ ሬድዮኑን ለጎረቤት ሰጠው። ዘፈን የሚያሰማውንም ነገር፣ ስልኩ ላይ ያለውን፣ በየወሩ የምትከፍልለት እሷ ናት።»

በማግስቱ የዘውደነሽ አለቃ ጉዳዩ አልቋል ባይ ነበር። ሦስቱም እንግዶች ከግድግዳው ማዶ የሚመጣውን ዘፈን እየሰሙ ነበር የበሉት። ዘፈኑ እየተቀያየረ ስለነበር ጋሼ ጅራታ በሕይወት ነበሩ። በምሳው መሃል ከክፍሉ የወጣ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ስልክ ላናግር ብሎ በረንዳ ላይ የቆየው አባስ። በዚያ ላይ ጠዋት ከሟች ጋር ሲጯጯሁ ጎረቤት ሰምቷል። አባስ ታሰረ።

ዘውደነሽ ጣቢያው ውስጥ ስታገኘው ዓይኑ አብጦ ነበር።

«ጋሽ አባስ፣ ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«እኔና ጅራታ ከካሴት ዘመን ጀምሮ ወንድማማች ነን። ሰሞኑን የድሮውን ‹ገመ ሶር› ኢንተርኔት ላይ እንጫነው ተባባልን። ጫንነው። ብዙም ሳይቆይ አወረዱት።»

«ማን ነው ያወረደው?»

«ሙዚቃውን የሚያሰማው ድርጅት። ማሽን አለቻቸው፤ ዜማ አዳምጣ የማን እንደሆነ ትለያለች። ‹ይህ ዜማ የሌላ ሰው ንብረት ነው፣ ፈቃድ የላችሁም› አለችን። የጅራታን ዘፈን፣ በጅራታ ድምፅ!» አባስ እጁን ጭኑ ላይ ጣለ። «‹ከራስህ ሰረቅህ አሉኝ› ብሎ መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ አለቀሰ። ከዚያ መብቱን የሸጥኩበት እኔ መሰልኩት። ለዚያ ነው የጮኸብኝ።»

«የሌላ ሰው ያሉት ማንን ነው?»

«ስም አይናገሩም። ገለኔ አሁን ከምትዘፍነው ጋር ይገጥማል ነው የሚሉት። ስነግረው ‹ልጆቹን እኔው ራሴ እጠይቃለሁ› አለ።»

የገለኔ ‹ገመ ሶር› በዚያ ክረምት ያልገባበት ባጃጅ አልነበረም። ወጣቷ ዘፋኝ ለዘውደነሽ በር ከፈተች።

«ግጥምና ዜማው የጋሼ እንደሆነ ማን አያውቅም?» አለች። «ስንጭን ግን ቅጹን የሞላው ኢክረማ ነው። የፈቃዱን ነገር እኔ አላነበብኩትም። እውነቴን ነው። ዘፈኑ ዝነኛ ሲሆንልኝ ደግሞ ለመጠየቅ ፈራሁ። ሌላ ዘፈን የለኝም፣ እትዬ።»

«ጋሼ ያን ቀን ጠይቀውሻል?»

«እኔን አልጠየቁኝም። ኢክረማን ነው ወደ ክፍላቸው የጠሩት፤ አዲሱን ቅንብር አሰማኝ ብለው። ተመልሶ መጣ፣ ምሳ በላን፣ እስከ መጨረሻው ከአጠገቤ አልተነሣም።»

ዘውደነሽ ስልኳን አወጣች። «እስቲ ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ አሳዪኝ። እኔ ገና ከሬድዮ አልወጣሁም።»

ገለኔ በራሷ ስም ገብታ ከፈተችላት። የዘፋኞች ገጽ ላይ ማን እንደሚያዳምጣት ተዘርዝሯል፤ ከየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ የቱ ጋ ሲደርሱ እንደሚያቋርጡ ሳይቀር።

«እኛ እሱን ስንሰማ እሱ እኛን እየሰማ ነዋ!» አለች ዘውደነሽ።

«እንደዚያ ይበሉት። በነፃ ለምናዳምጠው ደግሞ በየመሃሉ ማስታወቂያ ያስገባል። እሱንም ዝም ብሎ አይደለም፤ የምንሰማውን አይቶ ነው። እኔ የሠርግ ዘፈን ስለማበዛ የቬሎ ኪራይ ነው የሚያመጣብኝ።»

«ለሚከፍል ሰውስ?»

«ለሚከፍል ማስታወቂያ የለም።»

ገለኔ ሻይ ላፍላ ብትላትም ዘውደነሽ አልሰማቻትም።

ወደ ኢክረማ ቤት ስትሄድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኢክረማ በትሕትና ተቀበላት። ሚስቱ አራስ ናት። ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ የኢክረማ ስልክ ተቀምጦ እሹሩሩ ያሰማል።

«ያለዚህ አይተኛልንም» አለ እየሳቀ። ከዚያ ፊቱን አከበደ። «ጋሼ አባቴ ማለት ነበሩ። ሙዚቃ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ከምሳ በፊት። ቅንብሩን በስፒከራቸው አሰማኋቸው፤ ወደዱት። በኋላ እበላለሁ ስላሉኝ ለእትዬ ነገርኩ። ከዚያማ ሁላችንም ሲያዳምጡ ሰምተናል።»

«አዎ» አለች ዘውደነሽ እሹሩሩውን እያዳመጠች። «ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

መንገድ ላይ ሳለች ከሆስፒታል ዶክተር ኢህሳን ደወለችላት። ጋሼ ጅራታ ወዲያው አልሞቱም። ራስ ቅላቸው ውስጥ ደም ቀስ እያለ ነው የፈሰሰው፤ ቶሎ ቢደረስላቸው ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር። ዘውደነሽ ስልኩን ዘግታ መንገዱ ዳር ቆመች። ወደ በሩ የተዘረጋው እጅ ታያት። ያ እጅ በሩን ቢከፍት ኖሮ ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ አሰበች።

በማግስቱ ሁሉንም መለማመጃው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አባስ በሁለት ፖሊሶች መሃል መጣ። እትዬ በየነች ከግድግዳው ጥግ፣ ገለኔ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ኢክረማ ኪቦርዱ አጠገብ ቆመ። ዘውደነሽ የሟችን ስልክና ስፒከሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሊቺ ከአዲስ አበባ የይለፍ ቃሉን ነግራታለች፤ ስልኩ ተከፍቷል።

«ጋሽ አባስ የታሰሩት ጋሼ ጅራታ በምሳ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ስለተባለ ነው» ብላ ጀመረች። «በሕይወት ነበሩ ያልነው ዘፈን ስለሰማን ነው። ግን ያያቸው ሰው የለም። በኋላ እበላለሁ ማለታቸውንም የነገረን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ኢክረማ ዓይኑን አልሰበረም።

«እትዬ በየነች በዘፈኑ መሃል የዳይፐር ማስታወቂያ ሰምተዋል። ጋሼ ግን ሊቺ ትከፍልላቸው ነበር፤ ለከፈለ ሰው ማስታወቂያ አይመጣም። ስለዚህ ያ ዘፈን የመጣው ከሳቸው ስልክ አይደለም። ሌላ ሰው በራሱ ስልክ፣ ከግድግዳው በዚህ በኩል ሆኖ፣ በሳቸው ስፒከር ያዘፍን ነበር።»

«እንዴት? አብረን እኮ እየበላን ነበር!» አለች ገለኔ።

«ስልክ በጭን ላይም ይነካል። አሁን የቀረን የማን ስልክ ነው የሚለው ነው። ድርጅቱ ማስታወቂያውን እንደ ሰሚው ነው የሚልከው። ለገለኔ ቬሎ ይልካል። ቤቱ አራስ ላለበት፣ ቀን ከሌት እሹሩሩ ለሚከፍት ስልክ ምን የሚልክ ይመስላችኋል?»

ሁሉም ወደ ኢክረማ ዞሩ።

«በማስታወቂያ ሰው ሊታሰር ነው?» አለ ኢክረማ። ድምፁ ቀጥኗል። «ዳይፐር ለስንቱ ይመጣል!»

«ልክ ነህ፤ እሱ ብቻውን አይበቃም። እባካችሁ ማንም ስልኩን እንዳይነካ።»

ስፒከሯን አበራቻት። ስፒከሯ ጢው አለች፤ የምታውቀውን ስልክ አግኝታ ተገናኘች። ዘውደነሽ በራሷ ስልክ አባስ ጋ ደወለች። የአባስ ስልክ በያዘው ፖሊስ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ገለኔ ጋ ደወለች፤ የገለኔ ቦርሳ ጮኸ። ኢክረማ ጋ ደወለች።

ጥሪው የወጣው ከጠረጴዛው፣ ከስፒከሯ ነው።

እትዬ በየነች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ቅንብሩን አሰምቻቸው የለ!» አለ ኢክረማ። «ተናግሬያለሁ እኮ! ያኔ ነው የተገናኘው!»

«ተናግረሃል። ከዚያ በኋላ ጋሼ በራሳቸው ስልክ ሲያዳምጡ እንደነበርም ተናግረሃል። ይቺ ስፒከር ስትበራ የምትፈልገው መጨረሻ ያዘፈናትን ስልክ ነው። የሳቸው ስልክ ይኸው አጠገቧ አለ፤ ክፍት ነው። ትታው ያንተን መረጠች። ካንተ በኋላ ማንም አላዘፈናትም፣ ኢክረማ።»

ኢክረማ ወንበር ፈልጎ ሳያገኝ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለመግደል አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ዘፈኑን በራሴ ስም ያስመዘገብኩት መጀመሪያ ዝነኛ ይሆናል ብዬ አልነበረም። ማንም የማይሰማው መስሎኝ ነው። ዝነኛ ሆነ። ሰው አወቀኝ። ከአዲስ አበባ ዘፋኞች ሥራልን እያሉ ይደውሉ ጀመር። እሳቸው ደግሞ ‹ዘፈኑ የማን እንደሆነ ዩኒቨርሲቲው መድረክ ላይ በሰው ፊት ትናገራለህ› አሉኝ። ሸሚዛቸውን ይዤ ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉ ገፋኋቸው።»

«ሲወድቁ እንዳልሞቱ ታውቅ ነበር» አለች ዘውደነሽ።

ኢክረማ አንገቱን ደፋ።

«ድምፁን አንዴ በጣም ጨምረኸዋል። ለምን?»

ኢክረማ ወደ እትዬ በየነች ማየት አልቻለም።

«ያቃስቱ ጀመር» አለ። «እንዳይሰማ ነው።»

እትዬ በየነች አልጮኹም። ተነሥተው ወጡና በረንዳው ላይ ቆሙ። ገለኔ ተከትላ ልትይዛቸው ስትል ክንዳቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

አባስ ያን ቀን ተፈታ። ሱቁን ከፍቶ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ለድርጅቱ መጻፍ ነበር። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ‹ገመ ሶር›ን የሚያዳምጠው ሰው ጨምሯል፤ ማሽኗም ሰው የወደደውን አይታ ለሌላ ብዙ ሰው ታቀርባለች። በዘፈኑ ሥር ግጥምና ዜማ ተብሎ የተጻፈው ግን አሁንም የገዳዩ ስም ነው። መልሱ የመጣው ከተዝካሩ በኋላ ነው። አባስ ስልኩን ለዘውደነሽ ሰጣት፤ ዘውደነሽም ለእትዬ በየነች ልታነብላቸው ወደ ግቢው ሄደች።

«ጉዳዩ የሁለት ወገኖች ክርክር ነው ይላሉ» አለች። «ባለቤት ነኝ የሚለው ሰው ራሱ ቀርቦ ይፈርም ነው የሚሉት።»

«ሞቷል አላላችኋቸውም?»

«ብለናል።»

«እና?»

«እንግዲያው ወራሽ መሆንዎን ፍርድ ቤት ያረጋግጥልዎትና ይላኩልን ይላሉ።»

እትዬ በየነች ያን ስልክ እንደ ሰው አተኩረው አዩት። ከዚያ ተነሥተው የክፍሉን በር ቆለፉ፣ ጥቁር ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጥግ ላይ የቆመውን ጃንጥላ አነሡ።

«ፍርድ ቤቱ ዛሬ ይሠራል?»

«ይሠራል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎናል? ነይ፣ እንሂድ።»