በኩር እና ሦስተኛ

የምሠራበት የሙዚየም ክፍል መስኮት የለውም። ፀሐይ ጨርቁን ያደበዝዛል ተብሎ መስኮቱ በግንብ ተደፍኗል። ከተማችን ዮግያካርታ ውጭ እየነደደች እኔ፣ ዌኒንግ፣ ውስጥ ተዘግቼ አሮጌ ባቲኮችን፣ በሰምና በቀለም የተጌጡ ጨርቆችን፣ ፎቶ አነሳለሁ፤ ኮምፒውተሩ ጥለታቸውን እየለየ ያስቀምጣል። ባስኮሮን ያገኘሁት እዚያ ነው።

የኬሚካል ምህንድስና ተመራማሪ ነው፤ ወንዝ የማይመርዝ የሰማያዊ ቀለም አነካከር ይነድፋል። ቀለሙን ከድሮው ጋር ላመሳክር ብሎ የተዥጎረጎረ ቁራጭ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩም ቁራጩን ከቤተ መንግሥት ልብስ ጋር አዛመደው።

«ኮምፒውተርሽ ወዶኛል» አለ።

«ዓይኑን ታሞ ነው።»

«ያንቺስ ዓይን ደህና ነው?»

ጨርቁን ረስቶ ሄደ። በነጋታው ሊወስድ መጥቶ ሌላ ረሳ። መሳቢያዬ እንዲህ እንዲህ እያለ ሞላ።

አባቴ ሱማርሶኖ በሰፈራችን የታወቀ ጨርቅ ነካሪ ነው፤ ቀለሙ እጁንና እግሩን ሰማያዊ አድርጎ አስቀርቶታል። ባስኮሮ አዲሱን ዘዴ በአባቴ የቀለም ጋን ሊሞክር ሲመጣ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደደው። «የተማረ ቢሆንም እጁ አይሰንፍም» አለኝ፤ ደስታዬን የምደብቅበት ጠፋኝ። ከዚያ ሻይ እየጠጣን ጠየቀው፦

«ለመሆኑ ስንተኛ ልጅ ነህ?»

«ሦስተኛ ነኝ፣ አባባ።»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እኔ በኩር ነኝ። በእኛ በጃቫዎች ዘንድ በኩርና ሦስተኛ አይጋቡም፤ ከተጋቡ ወላጅ ይሞታል ይባላል። እኔ ደግሞ ያለ እሱ ወላጅ የለኝም።

በር ላይ ስሸኘው፣ «ሁለተኛ ነኝ ብትል ምን ነበረበት?» አልኩት።

«ከታላቆቼ አንዷን እኮ እናቴ በጨቅላነቷ ቀብራታለች። እሷን ልካድልሽ?»

ይባስ ብዬ ወደድኩት።

አባቴን ለመንኩት። «ወንድሜ አልሰማ ብሎ እንዲሁ አገባ፤ አባታችን ዓመት አልቆየም» አለና ሳል ያዘው። የሰም ጭስ ደረቱን በልቶታል።

ከዚያ ወዲያ የምንገናኘው መስኮት በሌለው ክፍል ብቻ ሆነ።

«በእኛ ሥራ አንዱ ቧንቧ ሲዘጋ በሌላ ይዞራል» አለኝ አንድ ቀን።

«እዚህ ሌላ ቧንቧ የለም።»

«እንግዲያው እንጠብቅ።»

«ምን እስኪሆን?»

ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ያኔ ገባኝ። የምንጠብቀው የአባቴን ሞት ነበር። በዚያው ሰሞን ሳሉ ሲበረታበት ለቅጽበት በልቤ ያለፈው ሐሳብ ትዝ አለኝና ራሴ ዘገነነኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ እኔ ግን መውጫ አጣሁ።

ቤት እንደገባሁ፣ «አባዬ፣ ትቼዋለሁ» አልኩት። «ሞትህን ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ልጅ አልሆንም።»

እጁ ሥራው ላይ ቆመ። «ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ። አንተንም።»

ወደ ጋኑ ተመለሰ። በሳምንቱ ግን አክስቴ ላስሚ መጥረጊያ ይዛ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ የአንድ ወንድ ልጅ እናት ናት። አባቴ ከአጥሩ በር ላይ ምንጣፍ አንጥፎ አስቀመጠኝ። ለሕመምተኛ ሕፃን የሚደረግ የድሮ ልማድ ነው፤ ወላጅ ይጥላል፣ ሌላ ሰው ጠርጎ ያነሳል።

«ልጅ ጥያለሁ!» ብሎ ጮኸ አባቴ። «የእኔ አይደለችም! ያገኘ ይውሰድ!» መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

አክስቴ በእግሬ ዙሪያ ጠረገች። «አገኘሁ! ሁለተኛ ልጄ ናት!»

«ይቺን የምታህል ጨቅላ!» ብለው ጎረቤቶች ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ አባዬ ካልሽኝ ነገሩ ይፈርሳል» አለኝ አባቴ። «አጎቴ በዪኝ።»

«አልችልም።»

«ትችያለሽ። እኔ ችዬ የለ?»

በሠርጋችን ቀን እንደ ወጉ ከወላጅ ጉልበት ሥር ተንበረከክን። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው አክስቴ ናት፤ የአባቴ ቦታ ከእንግዶች ጋር ነበር። ግንባሬን ጉልበቷ ላይ ሳሳርፍ፣ በወንበሩ ሥር፣ ከኋላ የቆሙ ሁለት ባዶ እግሮች አየሁ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሰማያዊ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እያዩ እንዳላዩ ሆኑ።

«መርቁኝ» አልኩ፣ ወደ እግሮቹ።

አክስቴ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ምርቃቱ ከኋላዋ መጣ።