በዐቃቤ ሕጓ መዳፍ ውስጥ

ናሁሰናይ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓን መዳፍ ሊከፍት የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ሲገባ፣ ወይዘሮ የሺመቤት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጠብቁት ነበር። ከምድር ከወጣች ዘጠና ዓመት በሞላት መርከብ፣ በሐመር፣ ይህ እንደ ጥርስ ማስነቀል ያለ ተራ ሥራ ነው። መዳፋቸው ውስጥ እማኝ ተቀብሯል። እማኝ ማለት ዐቃቤ ሕጉ ሲያትም ደሙን አንብቦ፣ ሰውየው ባተመው ነገር ከልቡ ካመነበት ማኅተሙን የሚያበራ፣ ካላመነበት የሚያጠፋ፣ ሽንብራ የሚያህል መሣሪያ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ያለዚያ ማኅተም የገዥው ትእዛዝ ትእዛዝ አይሆንም።

ገዥው አቶ ሽመክት፣ የሰባተኛው ወለል ሠራተኞች ሥራ ስላቆሙ አየራቸው ይዘጋ ብለው ነበር። አዋጁ ሦስት ጊዜ ቀረበ፣ ማኅተሙ ሦስቴም አልበራም። ወለሉ ላይ አራት መቶ ሰው አለ። እማኝ እምቢ ካለ ገዥውም አፋቸውን ይይዛሉ፤ በመርከቧ እማኝን የሚጠራጠር የለም። ናሁሰናይ የተጠራው ተበላሽቶ እንደሆነ እንዲያይ ነው፤ ከተበላሸ ወይዘሮዋ ከሥልጣን ተነሥተው ምክትላቸው በራሱ እማኝ ያትማል። ምክትሉ ደግሞ የታዘዘውን ሁሉ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው።

«የበላቸው ወንድም አይደለህ?» አሉት፣ ማደንዘዣውን ሲወጋቸው። «እጅህ ይከብዳል።»

ናሁሰናይ መርፌውን ነቀለ። ከአምስት ዓመት በፊት ወንድሙን ከስሰው ለሃያ ዓመት የበረዶ እንቅልፍ ያስፈረዱበት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ክሱን እማኝ አብርቶታል ብሎ ፊቱን አዞረ። እሱም ከዕቃ ጋር አልጣላም ብሎ ዋጠው።

ቆዳውን ከፍቶ አየ። እማኙ ዝጓል። የመጨረሻው ንባብ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙን ሲያበራ የኖረው የሴትዮዋ አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ሲጫኑት ይበራል፣ ካልተጫኑት አይበራም።

«ለምን አልተናገሩም?»

«ሰው እምቢ ሲል ያባርሩታል፤ ዕቃ እምቢ ሲል ባለሙያ ይጠራሉ።»

«የበላቸውን ክስ ማን አተመው?»

«እኔ።» ዓይናቸውን አልሰበሩም። «ዛሬም ቢሆን አትመዋለሁ።»

የግድግዳው መነጋገሪያ ጠቅ ብሎ ተከፈተና የገዥው ድምፅ መጣ፦ «አንተ፣ ምን ትጎለጉላለህ? ሞቷል ወይስ ደህና ነው?»

ምላጩ ናሁሰናይ እጅ ላይ ነበር። እውነቱን ቢናገር ሴትዮዋ ይዋረዳሉ፤ አምስት ዓመት የተመኘው ይኸው ነው። እስከ ምሽት ደግሞ ሰባተኛው ወለል ይታፈናል።

«ደህና ነው ክቡርነትዎ። እምቢ ያለው አዋጁን ነው።»

ገዥው ተሳድበው ዘጉ።

ማደንዘዣ ሳይጨምር ቁስሉን መስፋት ጀመረ። ወይዘሮ የሺመቤት ሊያመሰግኑት ከንፈራቸውን ሲያላቅቁ አቋረጣቸው።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

ጥላቻው እስከዛሬ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ኖሯል፤ ዕቃን እንዴት አድርገው ይጠሉታል? አሁን ግን ፊት ለፊቱ ሰው ተቀምጧል፤ እምቢ ማለት የሚችል፣ መበደልም የሚችል። ክሩን አጥብቆ ቋጠረው። ወይዘሮዋም እጃቸውን አልሳቡም።